የተቀበረችው ልጅና የሩዝ ዛላ



ንግግሬን የምጀምረው በአንድ የግድያ ታሪክ ነው። ቦታው በምሥራቅ ኢንዶኔዥያ፣ በማሉኩ ደሴቶች መካከል የምትገኘው ሴራም ናት። ተረቱም የዌማሌ ሕዝብ ነው።

አሜታ የሚባል ሚስትም ልጅም የሌለው ሰው ነበረ። አንድ ቀን ለአደን ሲወጣ ውሻው ከርከሮ ያባርርለታል፤ ከርከሮው ኩሬ ገብቶ ይሰጥማል። አሜታ የሞተውን ከርከሮ ጎትቶ ሲያወጣ በክራንቻው ላይ የኮኮናት ፍሬ ተሰክቶ ያገኛል። በዚያን ዘመን ኮኮናት የሚባል ዛፍ በምድር ላይ አልነበረም። ፍሬውን ወስዶ ይተክለዋል። በሦስት ቀን ዛፍ ይሆናል፤ ሦስት ቀን ቆይቶ ያብባል። አበባውን ሊቆርጥ ሲወጣ ቢላው ጣቱን ይቆርጠውና ደሙ ይንጠባጠባል፤ ደሙና የዛፉ ፈሳሽ ተቀላቅለው ሴት ልጅ ይሆናሉ። ስሟ ሃይኑዌሌ ተባለ።

ሃይኑዌሌ ከሌላው ሰው የምትለየው ከሰውነቷ በሚወጣው ነገር ነበር። ሌላው ሰው ሜዳ ወጥቶ የሚተወውን እሷ ስትተው የቻይና ሳህንና የነሐስ ደወል ሆኖ ይገኛል። አሜታ ከበረ። ከዚያ ዘጠኝ ሌሊት የሚዘልቀው የማሮ ጭፈራ ደረሰ። በጭፈራው ወግ ሴቶች መሐል ተቀምጠው ለሚጨፍሩት ወንዶች የሚታኘክ የቤተል ፍሬ ያድላሉ። ሃይኑዌሌ በመጀመሪያው ሌሊት እንደ ወጉ አደለች። በሁለተኛው ሌሊት ዛጎል ሰጠች፤ በሚቀጥሉት ሌሊቶች ሳህን፣ ገጀራ፣ የወርቅ ጉትቻ፣ በመጨረሻም ደወል። ስጦታው በከበረ ቁጥር የሰው ልብ ጠቆረ። በዘጠነኛው ሌሊት ወንዶቹ ጉድጓድ ቆፍረው፣ እየጨፈሩ ወደ ጉድጓዱ ገፍትረው ጣሏት። ጩኸቷ እንዳይሰማ ዘፈኑን ከፍ አደረጉት፤ አፈሩን በላይዋ መለሱ፤ እየረገጡ እስኪነጋ ጨፈሩበት።

አሜታ ሬሳዋን ፈልጎ አገኘው። ቆራርጦም በጭፈራው ሜዳ ዙሪያ ቀበረው። ከየቁራጩም ከዚያ በፊት በምድር ያልታዩ፣ እንደ ቦዬና ጎደሬ ያሉ ሥራ ሥሮች በቀሉ፤ ሕዝቡ እስከ ዛሬ የሚበላው እነሱን ነው። ክንዶቿን ግን አልቀበረም፤ በሰዎች ላይ ትገዛ ወደነበረችው ሙሉዋ ሳቴኔ ወሰደላት። እሷም ተቆጥታ አንድ በር ሠራች፤ ገዳዮቹን በዚያ በር እንዲያልፉ አዘዘቻቸው። ማለፍ ያቃተው አውሬ ወይም መንፈስ ሆነ። ያለፈው ሰው ሆኖ ቀረ፤ እሷ ግን ከእንግዲህ ከእናንተ ጋር አልኖርም ብላ ወደ ተራራ ወጣች። ሰዎች ዳግመኛ የሚያይዋት ከሞቱ በኋላ ብቻ ነው።

ይህን ተረት የጻፈው በ1930ዎቹ መጨረሻ ወደ ሴራም የሄደው ጀርመናዊው የባህል ተመራማሪ አዶልፍ የንሰን ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምጠቅስ አስቀድሜ ልናገር። የንሰን ተረቱን ከጥንት የሥራ ሥር ገበሬዎች የወረደ የፍጥረት ታሪክ አድርጎ ተረጎመው። ከብዙ ዓመት በኋላ አሜሪካዊው የሃይማኖት ተመራማሪ ጆናታን ስሚዝ ስጦታዎቹን አንድ በአንድ ተመለከተና ሌላ ጥያቄ አነሣ፤ የቻይና ሳህን፣ የብረት ገጀራና ደወል ወደ ሴራም የገቡት በንግድ መርከብ ነው። እንግዲህ ሃይኑዌሌ በባዕድ ሸቀጥ የተጥለቀለቀ ሕዝብ ጭንቀትንም ትሸከማለች ማለት ነው። ቅርንፉድ ፍለጋ የመጡት ሆላንዶች በ17ኛው መቶ ዘመን የሴራምን የቅርንፉድ ዛፎች እየዞሩ ያስቆርጡ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው የስሚዝን ንባብ ችላ ሊለው አይችልም። እኔ ሁለቱም ንባቦች ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ። ተረት እንደ ወንዝ ነው፤ የላይኛውን አገር አፈርም የታችኛውን አገር አፈርም ይዞ ይወርዳል።

ወደ መድረኩ የወጣሁበት ሐሳብም ይኸው ነው። ስለ ሴትና ስለ ተፈጥሮ ሲነሣ «ምድር እናታችን ናት፤ እናት ትሰጣለች» ማለት ይቀናናል። ቃሉ ያምራል፤ ግን ተቀባዩን ከኃላፊነት ነፃ ያወጣዋል። የሚሰጥ እናት እስካለ ድረስ የሚጠየቅ ልጅ የለም። የኢንዶኔዥያ ተረቶች እንዲህ ያለውን ምቾት አይሰጡንም። እህሉ ከገዛ እጃችን ሥራ፣ ከግድያ፣ ከስርቆትና ከተሰበረ ቃል እንደመጣ ይናገራሉ። በተረቶቹ ውስጥ ያለችው ሴት ከእኛ ጋር ውል ያላት ናት፤ ውሉን ያፈረስነውም እኛ ነን።

በጃቫ፣ በሱንዳና በባሊ ስሟ በየማሳው የሚጠራውን የሩዝ እመቤት ደዊ ስሪን ተመልከቱ። የምዕራብ ጃቫ ሱንዳዎች ንያይ ፖሃቺ ይሏታል። እነሱ እንደሚሉት እባቡ አምላክ አንታ የአማልክቱ አለቃ ባታራ ጉሩ ቤተ መንግሥት ሲሠራ ድንጋይ የሚያነሣበት እጅ ስለሌለው አዝኖ አለቀሰ። እንባው ዕንቁላል ሆነ፤ ከዕንቁላሉ ይህች ልጅ ወጣች። ባታራ ጉሩ በቤቱ አሳደጋት። ስታድግ ግን ውበቷን አይቶ አሳዳጊነቱን ረሳና ሊያገባት ተመኘ። የሰማይ ሥርዓት እንዳይፈርስ የሰጉት አማልክት ተሰብስበው መከሩ። ውሳኔያቸው በአጥፊው ላይ አልነበረም፤ በእሷ ላይ ነበር። መርዘው ገደሏትና ምድር ላይ ቀበሯት። ከመቃብሯ ዕፅዋት ወጡ፤ ከራሷ ኮኮናት፣ ከፀጉሯ ሣርና አበባ፣ ከጭኖቿ ቀርከሃ፣ ከእምብርቷ ሩዝ። ሩዙ የበቀለው ከዓይኖቿ ነው የሚሉም አሉ።

ተረቱ ማን እንዳጠፋና ማን እንደተቀጣ ሳይደባብቅ መናገሩ ይገርመኛል። አማልክቱን ነፃ አያወጣም። የሰማዩ ጉባኤ የፈረደው በተበደለችው ላይ ነበር፤ እኛም የምንበላው ያ ፍርድ ያበቀለውን ነው፤ እያለ ለገበሬው ልጅ ይነግረዋል። ይህን ሰምቶ ያደገ ሰው ሩዝ ሲያጭድ እጁ መክበዱ አይቀርም።

እጃቸው እንደሚከብድ የሚያሳየው አኒ-አኒ የተባለው የአጨዳ ቢላ ነው። በመዳፍ ውስጥ የምትደበቅ ትንሽ ስለት ናት። የጃቫ ሴቶች ዛላውን አንድ በአንድ ይቆርጡባታል። ስለቱ የሚደበቀው ደዊ ስሪ እንዳትደነግጥ ነው ይባላል። ማጭድ ቢሆን ታየዋለች፤ አኒ-አኒን ግን አታይም። ይህ ጥንቃቄ በኑሮም ውስጥ ትርጉም ነበረው። አጨዳው የሴቶች ሥራ ስለነበረ መሬት የሌላት ደሃ ሴት ሳትቀር ማሳው ላይ ወርዳ፣ ካጨደችው ላይ ድርሻዋን ተሸክማ ትመለስ ነበር።

ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አረንጓዴው አብዮት የተባለው የግብርና ለውጥ መጣ። ቁመታቸው አጭር፣ ፈጥነው የሚደርሱ የሩዝ ዝርያዎች ተዘሩ። እነዚህን በማጭድ ማጨድ ይቀላል፤ ነጋዴው ሰብሉን በማሳው ላይ እንዳለ እየገዛ የራሱን አጫጆች ይዞ መጣ። ወዲያው የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች በየመንደሩ ተተከሉ፤ ሙቀጫና ዘነዘና ወደ ጥግ ተገፋ። ምርቱ እንደጨመረ አልክድም፤ የተራበ ሰው ጠግቧል። ሩዝ መውቀጥም ወገብ የሚሰብር ሥራ ነው፤ ማንም እንዲመለስ አይመኘውም። ነገር ግን ማጭዱም ወፍጮውም ሲመጡ እነዚያ ድርሻቸውን ተሸክመው ይመለሱ የነበሩ ሴቶች ምን ይብሉ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ከዚያ ደግሞ ተባይ ተነሣ። መድኃኒቱ ተባዩን ከሚበሉት ነፍሳት ጋር ጠራርጎ ይገድል ስለነበር ተባዩ የባሰ ተራባ፤ በ1986 መንግሥት ራሱ 57 ዓይነት ፀረ-ተባይ ከሩዝ ማሳ አገደ። በባሊ ደግሞ ገበሬዎች የውኃ ተራቸውን የሚቀበሉት የባቱር ሐይቅ እመቤት ከሆነችው ከደዊ ዳኑ ቤተ መቅደስ ነው። ባለሙያዎች ያን ተራ ትታችሁ ያለ ፋታ ዝሩ ባሏቸው ጊዜ ማሳው በተባይ ተመታ። አሜሪካዊው ስቲቨን ላንሲንግ ጉዳዩን ለዓመታት አጥንቶ፣ ጎረቤታሞች ማሳቸውን ባንድ ጊዜ ማሳረፋቸው ተባዩን ያስርበው እንደነበር አሳየ። የእመቤቲቱ ሥርዓት ስሌት ነበረው።

ወደ ተረቶቹ ልመለስ፤ ገና የምወደው አልተነካም።

ጃካ ታሩብ የተባለ ወጣት ጫካ ውስጥ ሰባት የሰማይ ሴቶች ሲታጠቡ ያያል። ከሰባቱ የአንደኛዋን የመብረሪያ ሻርፕ ይሰርቃል። እህቶቿ በረሩ፤ ናዋንግ ዉላን ምድር ላይ ቀረች። አገባት፤ ሴት ልጅም ወለዱ። ቤታቸው ጠገበ፤ ጎተራው ግን አይጎድልም። ምክንያቱም ናዋንግ ዉላን በየቀኑ የምታበስለው አንዲት ዛላ ሩዝ ብቻ ነበር፤ ያችው ለቤተሰቡ ትበቃለች። ባሏን የለመነችው አንድ ነገር ነበር፤ ድስቱ እሳት ላይ ሳለ ክዳኑን እንዳያነሣ። አንድ ቀን እሷ ወንዝ ስትወርድ እሱ ክዳኑን አነሣ። ከውስጥ ያየው አንዲት ዛላ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በረከቱ ጠፋ። ናዋንግ ዉላን እንደማንኛዋም የጃቫ ሴት ሩዝ ስትወቅጥ መዋል ጀመረች። ጎተራውም መጉደል ጀመረ። ሩዙ እየወረደ እየወረደ ሄደና ከሥሩ የተደበቀው ሻርፕ ብቅ አለ። ለብሳው ወደ ሰማይ ተመለሰች።

የተረቱን አሠራር አስተውሉ። ባል ስርቆቱን የደበቀው በገዛ ሚስቱ በረከት ሥር ነው። ጎተራው ሙሉ እስከሆነ ድረስ ማንም አይደርስበትም ነበር። እሱ ራሱ ክዳኑን አንሥቶ በረከቱን ባያጠፋው ኖሮ ሻርፑ እስከ ዛሬ ከሩዙ ሥር በኖረ ነበር። አንድ አገር ደኑን ሲመነጥር፣ ማዕድኑን ሲቆፍር፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚታየው የተትረፈረፈ ሀብት ነው። ከሥሩ የተደበቀው የሚታየው ሲጎድል ነው።

በሰሜን ሱማትራ የባታክ ሕዝብ የሚናገረው የቶባ ሐይቅ ተረትም በውል ላይ የቆመ ነው። ዓሣ አጥማጁ የያዛት ዓሣ ቆንጆ ሴት ትሆናለች። ዓሣ እንደነበርኩ ለማንም እንዳትናገር ብላ አስምላው ታገባዋለች። ልጃቸው አንድ ቀን ወደ አባቱ እርሻ የተላከበትን ምሳ መንገድ ላይ ይበላዋል፤ አባትየው በቁጣ «አንተ የዓሣ ልጅ!» ይለዋል። ምድሪቱ ተከፈተች፤ ውኃ ገነፈለ፤ ሸለቆው ሐይቅ ሆነ። የሥነ ምድር ሊቃውንት ቶባ ከ74 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በፈነዳ ግዙፍ እሳተ ገሞራ የተፈጠረ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሐይቅ ነው ይላሉ። ባታኮቹ ያን ፍንዳታ አላዩም። የሚኖሩበት መሬት ሊከፈት እንደሚችል ግን ያውቃሉ፤ ዕውቀቱን ለልጅ የሚያስተላልፉትም በትዳር ውስጥ በወጣ አንድ ክፉ ቃል በኩል ነው።

አሁን ወደ ምዕራብ ጃቫ፣ ወደ ባንዱንግ ከተማ እንሂድ። ይህች ከተማ ለእኛም እንግዳ አይደለችም። በሚያዝያ 1955 ኢትዮጵያን ጨምሮ 29 የእስያና የአፍሪካ አገሮች የተሰበሰቡባት ናት። ከከተማዋ በስተሰሜን አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ፣ የተገለበጠ ጀልባ የሚመስል እሳተ ገሞራ አለ፤ ታንግኩባን ፕራሁ ይባላል። ተረቱ የዳያንግ ሱምቢና የልጇ የሳንግኩሪያንግ ነው። ዳያንግ ሱምቢ ሸማኔ ናት። በእኛ አገር ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፤ በዚያ ሽመናውም የሴት ነው። ልጇ ገና ብላቴና ሳለ በጥፋቱ መትታ አባረረችው። ከብዙ ዓመት በኋላ እናቱ መሆኗን ሳያውቅ ተመልሶ ወደዳት፤ እርጅና አልነካትም ነበርና። እሷ በራሱ ላይ ባለው ጠባሳ ለየችው። አይሆንም ብትለው አልሰማ አለ። ስለዚህ እንዲህ አለችው፤ በአንድ ሌሊት የቺታሩምን ወንዝ ገድበህ ሐይቅ አድርግልኝ፤ በሐይቁ ላይ የምንቀዝፍበትን ጀልባም ሥራልኝ። መናፍስቱን ጠርቶ ሊጨርስ ሲቃረብ በእጇ የሸመነችውን ጨርቅ ወደ ምሥራቅ ዘረጋችው። ጨርቁ ቀይ ነበር የሚሉም ነጭ ነበር የሚሉም አሉ። ሰማዩ የነጋ መሰለ፤ ዶሮዎች ጮኹ፤ መናፍስቱ ሸሹ። ሳንግኩሪያንግ በንዴት ጀልባውን ረግጦ ገለበጠው፤ ተራራ ሆነ። የባንዱንግ ሸለቆ በጥንት ዘመን ሐይቅ እንደነበረ የሥነ ምድር ሊቃውንት አረጋግጠዋል።

በመካከለኛው ጃቫም እህት ተረት አለ። በ9ኛው መቶ ዘመን በተሠራው የፕራምባናን ቤተ መቅደስ ውስጥ ያለውን የሂንዱዎች እንስት አምላክ የዱርጋን ሐውልት የአካባቢው ሰው ሮሮ ጆንግራንግ ይለዋል። አባቷን የገደለው ባንዱንግ ቦንዶዎሶ ላግባሽ ሲላት በአንድ ሌሊት 1,000 ቤተ መቅደስ ሥራልኝ አለችው። ሊጨርስ አንድ ሲቀረው የመንደሩን ሴቶች ቀሰቀሰች፤ ወደ ምሥራቅ ገለባ አነደዱ፤ ሙቀጫቸውን አውጥተው ሩዝ መውቀጥ ጀመሩ። ዶሮዎች ነጋ ብለው ጮኹ። እሱም ደርሶበት ወደ ድንጋይ ለወጣት፤ ሺኛዋ እሷ ሆነች።

ሁለቱም ሴቶች ጉልበት የላቸውም፤ ጋኔን የሚታዘዝለት ወንድ ነው የመጣባቸው። በእጃቸው ያለው የየዕለት ሥራቸው ነው፤ ሽመናና ወቀጣ። ዶሮው በሙቀጫ ድምፅ የሚታለለው ማለዳ ማለዳ ፀሐይ ሳትወጣ የሚነሡት ሴቶች ስለሆኑ ነው። የመንደሩ ንጋት የሚታወቀው በእነሱ ሥራ ነው። ስለዚህ ሲያስፈልጋቸው ንጋትን ራሱን መጥራት ይችላሉ። ሴት ለተፈጥሮ ቅርብ ናት ሲባል ብዙዎች ማሕፀንን ያስባሉ፤ እነዚህ ተረቶች ግን ቅርበቱን የሚያሳዩን በሥራ ነው፤ በየማለዳው በሚነሣው ዘነዘና።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ተረት ሁሉ የደሃ ወገን አይደለም። በጃቫ እጅግ የምትፈራው ሴት የደቡብ ባሕር ንግሥት ናት፤ ንያይ ሮሮ ኪዱል። የማታራም መንግሥት መሥራች ሴኖፓቲና ከእሱ በኋላ የነገሡት ሁሉ ባሎቿ ናቸው ይባላል፤ የዮግያካርታ ቤተ መንግሥት እስከ ዛሬ በፓራንግትሪቲስ ባሕር ዳርቻ መባ ያቀርብላታል። አረንጓዴ ልብስ ለብሰህ ወደዚያ ባሕር አትቅረብ ይባላል። ታላቁ የኢንዶኔዥያ ደራሲ ፕራሙድያ አናንታ ቱር በ1995 ከፊሊፒንስ ለሚሰጠው የማግሳይሳይ ሽልማት በጻፈው ንግግር ይህችን ንግሥት ያለ ርኅራኄ መረመራት። የማታራም ንጉሥ ሆላንዶችን ዛሬ ጃካርታ ከምትባለው ከባታቪያ ማስወጣት አቅቶት የሰሜኑን ባሕር ካጣ በኋላ፣ የቤተ መንግሥት ባለቅኔዎች ሽንፈቱን ለመሸፈን ደቡቡ ባሕር በጋብቻ የእኛ ነው ብለው ፈጠሯት አለ። ፕራሙድያን አምናለሁ፤ ግን አጥማጆቹንም አምናለሁ። የደቡቡ ባሕር በእርግጥ ሰው ይበላል፤ ማዕበሉ ወደ ውስጥ ይጎትታል። ንጉሡ ንግሥቲቱን ለዙፋኑ ቢጠቀምባትም፣ አጥማጁ የሚጠራት ልጁን ከውኃው ለማራቅ ነው። ስለዚህ አንድ ተረት ስንሰማ ሴቲቱ ለማን ጥቅም እንደምትናገር መጠየቅ አለብን።

ይህን ጥያቄ ይዤ ወደ ሎምቦክ ደሴት ስሄድ ልቤ ያዝናል። የሳሳክ ሕዝብ ልዕልት ማንዳሊካን ብዙ መሳፍንት ይሻሟታል፤ አንዱን ብትመርጥ ጦርነት ይነሣል። ሁሉንም ጎህ ሳይቀድ ወደ ባሕር ዳርቻ ጠራቻቸውና ለሁላችሁም እሆናለሁ ብላ ዘለለች። ሲፈልጓት ያገኙት ባሕሩን የሞላ ባለ ብዙ ቀለም ትል ነበር፤ ኛሌ ይባላል። በየዓመቱ በየካቲትና በመጋቢት አካባቢ ትሎቹ ለመራባት ወደ ላይ ሲወጡ ሕዝቡ ሌሊቱን ወርዶ ይሰበስባል፣ ይበላል፤ ብዛታቸውን አይቶም የሩዙን ዓመት ይተነብያል። የልዕልቲቱን ስም ዛሬ የተሸከመው የሞተር ብስክሌት መወዳደሪያ ጎዳና ያለበት የቱሪዝም ፕሮጀክት ነው። በመጋቢት 2021 የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ባለሙያዎች በዚህ 3 ቢሊዮን ዶላር በሚገመት ፕሮጀክት ሰዎች ከቤታቸውና ከማሳቸው እየተነሡ መሆኑን ገልጠው ስጋታቸውን ተናገሩ። ሰው በእሷ ምክንያት እንዳይጋደል የሞተችው ልጅ ስም ሰው ከመሬቱ በሚነሣበት ቦታ ላይ ተጻፈ።

ግን ተረቱን ከሴቶቹ ወገን አድርገው የያዙም አሉ። በምዕራብ ቲሞር የሞሎ ሕዝብ ድንጋይ አጥንታችን፣ ውኃ ደማችን፣ አፈር ሥጋችን፣ ደን ፀጉራችን ነው ይላል። የእብነ በረድ ቆፋሪዎች የተቀደሱ ዓለቶቻቸውን መቁረጥ ሲጀምሩ አሌታ ባውን የምትባል ሴት ከመንደር መንደር እየዞረች ሰው አስተባበረች። አደጋ ተጣለባት፤ ሕፃኗን ይዛ ጫካ ተደበቀች። በመጨረሻ 150 ያህል ሴቶች የሽመና ዕቃቸውን ይዘው ማዕድኑ ቦታ ላይ ተቀመጡ፤ አንድ ዓመት ያህልም እዚያው እየሸመኑ ቆዩ። ወንዶቹ ቤት ቀርተው ምግብ ያበስሉና ልጅ ይጠብቁ ነበር። የክሩን ቀለም የሚያገኙት ከዚያው ደን ነው። ቁፋሮው ቆመ፤ አሌታም በ2013 የጎልድማን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማት ተሸለመች። የዳያንግ ሱምቢ ጨርቅ ለአንድ ሌሊት ተዘርግቶ ነበር፤ የሞሎ ሴቶች ዓመት ዘረጉት።

በጃቫ የኬንደንግ ተራሮች ያለው ትግል ግን እንዲህ አላበቃም። የኖራ ድንጋዩ ተራራ ውኃ ያጠራቅማል፤ ምንጮቹ ማሳውን ያጠጣሉ። የሲሚንቶ ፋብሪካ ሲተከልበት፣ በሚያዝያ 2016 ዘጠኝ ገበሬ ሴቶች ጃካርታ ወጥተው በቤተ መንግሥቱ ፊት እግራቸውን በሳጥን ውስጥ በሲሚንቶ አስመረጉ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለገበሬዎቹ ፈረደ። አገረ ገዢው የቀድሞውን ፈቃድ ሰርዞ በየካቲት 2017 አዲስ ፈቃድ ሰጠ። በመጋቢት ሴቶችም ወንዶችም ተመልሰው መጡ፤ እግራቸውን ዳግመኛ በሲሚንቶ አስመረጉ። ከመካከላቸው አንዲት ሴት ሲሚንቶው ከእግሯ ከተነሣ በኋላ ሌሊቱን በልብ ሕመም ሞተች።

በቶባ ተረት ቃል የሰበረውን ውኃው ያገኘዋል፤ የድስቱን ክዳን ያነሣውም ሚስቱን ያጣል። በኬንደንግ ፈቃዱን የፈረመውን ያገኘው ጎርፍ የለም። ፋብሪካው ሥራ ጀመረ፤ የሞተችው ገበሬዋ ናት። ተረቱ ይህን ፍጻሜ አያውቀውም። ጉባኤው በተበደለችው ላይ የሚፈርድበትን መጀመሪያ ግን በሚገባ ያውቀዋል።